ሁለት ምድጃ፣ አንድ እሳት

አማቴ ለለማኝ እንጀራ አይነፍጉም፤ ለእኔ ግን አንዲት ጭራሮ ያለ ጭቅጭቅ ሰጥተውኝ አያውቁም። ጣሊያን የእንጦጦን ባሕር ዛፍ በዘብ ካስጠበቀ ወዲያ፣ ከቁስቋም በታች የምንኖር ሰዎች ጫካውን እያየነው በብርድ የምንገረፍ ሆንን። የረገፈ ቅጠል እንኳ የምንለቅመው ዘቡ ፊቱን ሲያዞር ነበር።

አማቴ ታዲያ ጉልቻውን ዙሪያውን በጭቃ መርገው፣ እሳቱ በአንድ በኩል ብቻ እንዲተነፍስ አደረጉ። ባቄላ ተዘፍዝፎ ካላደረ አይጣድም። ንፍሮው ግማሽ ሲበስል ድስቱን አውርደው ጭድ በሞላው ቅርጫት ውስጥ ይቀብሩታል፤ የቀረውን በራሱ ሙቀት ይጨርሳል።

"እማማ፣ ትንሽ ቆይተው ደግሞ በፀሐይ ወጥ ይሠራሉ" ብላቸው፣ "አንቺ አፍሽን ከምትከፍቺ ክዳኑን ግጠሚ" አሉኝ።

እሳቱንም የምናሳድረው ከጎረቤታችን ጋር በተራ ነበር። ባለ ተራው ፍሙን በአመድ ዳፍኖ ያሳድራል፤ ሌላው በማለዳ ገል ይዞ ሄዶ ይጭራል። ጎረቤታችን ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። አንድ ልጃቸው አርበኛ ሆኖ ጫካ ገብቷል። እኛም ቤት ወንድ አልነበረም። ባሌ ከተማው በነደደበት የካቲት በማለዳ እንደወጣ ቀረ፤ ሬሳውም አልተገኘም። ልጄ ከዚያ በኋላ ተወለደች።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን ገሌን ይዤ ብሄድ፣ የጎረቤታችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ነጠላቸው ደጃፉ ጭቃ ላይ ወድቋል። ማዶ ያሉ ሰዎች እንደነገሩን፣ ወታደሮች "ልጅሽን አምጪ" እያሉ ወስደዋቸዋል። ገባሁና አመዱን ገለጥ ሳደርገው ፍሙ ቀልቷል። የዳፈኑት እጆች ገና ከላዩ ያልተነሡ መሰለኝ። ያ ፍም ዛሬም በሕልሜ ይመጣል።

አማቴ ከኋላዬ ደርሰው፣ "ጫሪ፤ ግን ሁሉንም እንዳታነሺው" አሉኝ።

ነገሩ ገባኝ። በእኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት እሳት አይነድም፤ የሚበላውን የሚያመጣው ጎረቤት ነው። ምድጃውን ማቀዝቀዝ ጎረቤታችን ሞቱ ብሎ መርዶ መንገር ነበር።

እነዚያ በእንጨት ንፉግ የነበሩት አማቴ በጎረቤታችን ባዶ ቤት ውስጥ እንጨት ይማግዱ ጀመር። ሐምሌ ሲመጣ ለሁለት ምድጃ የሚበቃ አልተገኘም፤ ልጄም ሳል ያዛት። ደረቷ ሲያፏጭ እየሰማሁ አንድ ቀን ፈነዳሁ።

"ለሌለ ሰው እሳት እናነዳለን፤ ያለችው ልጅ በብርድ ልትሞት ነው!" አልኳቸው። በዚያች ሰዓት ጠላኋቸው።

"ልጄን ጠበቅሁት፣ አልመጣም" አሉ ቀስ ብለው። "ጎረቤቴን ግን ሞተች አልላትም።"

ከዚያ ተነሡና ውኃ አምጥተው በራሳችን እሳት ላይ አፈሰሱበት። እኔ በድንጋጤ እንደቆምኩ ልጄን አዝለው ወደ ጎረቤታችን ቤት ተሻገሩ። ምን አደርጋለሁ፣ ድስቴን ይዤ ተከተልኳቸው።

ለአንድ ምድጃ እንጨቱ በቃ። ሳሉም ለቀቃት። ነገር ግን የምንኖረው በሰው ቤት፣ የባልቴቷ ነጠላ ታጥቦ በተሰቀለበት ሥር ነበር። እሳቸው ይቀመጡባት የነበረችው ዱካ ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር። ነፋስ በሩን ባንገጫገጨው ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን፤ ከዚያ አንዳችን የሌላችንን ፊት ሳናይ እንቀመጣለን። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ጣሊያን የወጣ ሰሞን፣ ጎፈሬው ትከሻው ላይ የደረሰ ሰው "እማዬ! እማዬ!" እያለ ቁልቁለቱን በሩጫ ወረደ። እየሳቀ ገባ። አማቴን ሲያይ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳማቸው።

"ከተራራው ላይ ብቅ ባልሁ ቁጥር የቤታችንን ጢስ አያለሁ" አለ። "ሲወጣ ሳይ፣ 'አለች፤ ተነሥታ እሳቷን አያያዘች' እላለሁ። እሱን እያየሁ ነው እዚህ የደረስኩት።"

ቀጥሎ ዙሪያውን ቃኘ።

"የት ሄዳ ነው?"

አማቴ ሊማግዱት ይዘውት የነበረውን እንጨት መልሰው መሬት ላይ አስቀመጡት። እሱም የሰፈሩ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል፤ እንጨቱን አየና ራሱን ይዞ ጮኸ።