ደጃፍ ላይ የተሰጠ ፍም

እናቴ ውሸት አይሆንላትም ነበር። የቄስ ሚስት ሆና የኖረች፣ አባቴ ከሞተ በኋላም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልጠፋች ሴት ናት፤ የት ለምዳው ትዋሽ? ወንድሜን ደብቀን ባደርን በማግስቱ ያጋለጠችንም እሷው ናት።

በመካነ ሰላም በሰባ ሰባቱ ድርቅ ክብሪት ከየሱቁ ጠፍቶ ነበር። ቀድሞም ቢሆን ማታ የተዳፈነው እሳት ጠዋት ጠፍቶ ከተገኘ፣ የሸክላ ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ መጫር ነው። ሰተት ብለሽ ገብተሽ፣ "እንዴት አደራችሁ" ብለሽ፣ ምድጃው ሥር ቁጢጥ ብለሽ ፍሙን ራስሽ መርጠሽ ትወጫለሽ። ማስፈቀድ ብሎ ነገር የለም። እኛንና ጎረቤታችንን እትዬን የሚለየን አንድ የቁልቋል አጥር ነበር። እሳቸው እስላም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያን፤ እሳቱ ግን ከወዲያም ከወዲህም ሲጫር የኖረ ነው።

ያን ጠዋት እትዬ ገል ይዘው ሲመጡ እናቴ ሮጣ ደጃፉን በቁመቷ ዘጋችው። ገሉን ከእጃቸው ነጥቃ፣ ፍም ሞልታ አመጣችና "እንኪ እቴ፣ አመዱ እንዳያስቸግርሽ ብዬ ነው" አለቻቸው።

ወይ እናቴ! አመድ! ዕድሜያቸውን ሙሉ አመዳችንን ሲዝቁ የኖሩ ሴትዮ! እትዬ አዩአት፤ ከትከሻዋ በላይ ጨለማውን ቤት አዩ። "አላህ አፊያ ያድርጋችሁ" ብለው ገሉን ይዘው ሄዱ።

ወንድሜ በሽታውን ይዞ የመጣው ከአጅባር ነው። የመጨረሻውን በሬያችንን ሊሸጥ ወደ ገበያው ሄዶ፣ ከተራበው ሰው ጋር በየመንገዱ ሲያድር ከረመ። በተመለሰ በሳምንቱ ትኩሳት ጣለው፤ ራሴን ይላል፣ ይቃዣል። ተስቦ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም ነበር።

ቀበሌው ደግሞ ጥሩምባ አስነፍቷል። በሽተኛ ያለበት ቤት ያሳውቅ፣ ደብቆ የተገኘ የእርዳታ እህሉ ይቆረጥበታል ተባለ። የሚወሰዱት ወደ ተማሪ ቤቱ ነው። ትምህርት ተቋርጦ፣ ዴስኮቹ ወጥተው፣ እኔ ዘጠነኛ የተማርኩበት ክፍል የተስቦ ቤት ሆኖ ነበር። አልጋ የለ፣ ውሃ የለ፣ ባዶ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። በቃሬዛ የገባ በእግሩ ሲወጣ አላየንም። የሞተውንም ለዘመድ አይሰጡም፤ ክርስቲያኑ ሳይፈታ፣ እስላሙ ሳይታጠብ፣ አንድ ላይ ይቀበራል። እናቴን ከሞቱ ይልቅ ያስፈራት ይኼ ነበር። "የቄስ ልጅ ፍትሐት አጥቶ!" እያለች ደረቷን ትመታለች።

የጤና ጣቢያውን ድሬሰር አልወደውም ነበር። ከደሴ የመጣ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰው ነው። የሚለው ግን እውነት ነበር። "የሚያዛምተው ቅማል ነው! የበሽተኛውን ልብስ ቀቅሉ! አንዱ ቤት ሲደብቅ መንደሩ ያልቃል!" እያለ በየደጁ ይጮኻል። አልሰማንም ማለት አልችልም፣ ሰምተናል። ግን በዚያ ሰሞን ቡልኮ ቀቅሎ አጥር ላይ ማስጣት "በሽተኛ አለብኝ፣ ኑ ውሰዱልኝ" እንደማለት ነው። አብዮት ጠባቂዎቹ መጀመሪያ የሚያዩት የየቤቱን አጥር ነበር። ስለዚህ በሽተኛ የደበቀ ቤት ልብስ አያጥብም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍተሻው ወደ መንደራችን ወረደ። አብዮት ጠባቂዎቹ ጠመንጃ አንግተው፣ ድሬሰሩን አስከትለው፣ ከላይ ጀምረው ቤት ለቤት ይገባሉ። ጓዳ ያያሉ፣ ጎታ ያያሉ፤ የወለደች ሴት የተኛችበትን ቤት እንኳ አላለፉም። እትዬ ቤት ገብተው ወጡና ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤት ተሻገሩ። ከዚያ ቀጥሎ የኛ ነው። እናቴ መሃል ቤት ደርቃ ቀረች። እኔ ወንድሜን በብብቱ ደግፌ የማደርገው ጠፍቶኛል። ከአጥሩ ወዲያ የእትዬ ድምፅ ተሰማ።

"ወዲህ በሉት!"

"ማንን?" አለች እናቴ።

"ኧረ ባክሽ አታድርቂኝ! ልጁን ነዋ! የኔ ቤት ተፈትሿል፣ አይመለሱበትም። ቶሎ በሉ!"

በቁልቋሉ ሽንቁር ጎትተን አሳለፍነው። እትዬ የሴት ልጃቸው መደብ ላይ አስተኝተው በእሷ ቡልኮ ሸፈኑት። ልጅቷ እኩያዬ ናት፤ አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። ቡልኮውን እግሩ ሥር ስትጠቀጥቅለት አይቻታለሁ።

ድሬሰሩ እኛ ቤት ገብቶ ባዶውን መደብ በእጁ ዳሰሰ። ገና አልበረደም።

"እዚህ ማን ተኝቶ ነበር?"

"እኔ ነኝ፣ ወገቤን አሞኝ" አለች እናቴ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

"እማማ፣ ነገሩ የእርስዎ ቤት ብቻ አይደለም" ብሏት ወጣ።

ሲመሽ ወንድሜን መለስነው። እትዬ ቡልኮውን አራግፈው አጠፉት። እንቀቅለው ብሎ ያነሳ የለም፤ የት ሊሰጣ? ልጅቷ እሱኑ ለብሳ ተኛች፣ ሌላ የላትም።

ወንድሜ ዳነ። ከአጥሚት ውሃ በቀር የቀመሰው የለም፤ በምን እንደዳነ እግዜር ይወቀው። ግድግዳ እየተደገፈ መራመድ ሲጀምር ከእትዬ ቤት የልጅቷ ማቃሰት ተሰማ።

እናቴ አጥሩ ጋ ሮጠች። "እቴ፣ ወዲህ በያት! እኛ እንደብቃታለን! የኔው ድኖ የለም እንዴ!"

"አይሆንም" አሉ እትዬ። "ከናንተ ቀጥሎ ያለው ቤት ሕፃናት አሉ። በኔ ይብቃ።" ሻርፓቸውን አጣፍተው፣ በራሳቸው እግር ሄደው ድሬሰሩን ጠሩት።

ቃሬዛው ሲመጣ መንደሩ ደጅ ወጥቶ ቆሟል። "ከየት ያዛት?" አለ ድሬሰሩ። "ልወቀው፤ በሽታው በያዛት ቤት ውስጥ ሌላም በሽተኛ ይኖራል።" እናቴ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። እትዬ ወደኛ ዞር እንኳ አላሉም።

"አጅባር ገበያ ሄዳ ነበር" አሉ።

ልጅቷ አጅባርን በዓይኗ አይታው አታውቅም።

እኔና እሷ በተማርንበት ክፍል ውስጥ ሞተች። እትዬ አጥበው እንዲገንዟት አልተፈቀደላቸውም። ቡልኮውን ድሬሰሩ አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ከመንደራችን በተስቦ የወደቀ የለም።

እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ድሬሰሩ ልክ ነበር! ግን ሰውን "በርህን ክፈት" ከማለታቸው በፊት ለታመመው ሣር እንኳ ቢጎዘጉዙለት፣ የሞተውን ለእናቱ ቢሰጧት፣ ማን ይደብቅ ነበር? በእናቴም እናደዳለሁ። ከዚያ የወንድሜን ልጆች ሳይ ንዴቴ የሚገባበት ይጠፋኛል።

ከሐዘኑ በኋላ እትዬ እሳት ሊጭሩ መምጣታቸውን ተዉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ትጠብቃለች። አይመጡም። አንድ ጠዋት ስነሳ ምድጃችን ላይ ውሃ ስትደፋ አየኋት።

"ምን ነካሽ? ክብሪት የለንም እኮ!" ብዬ ጮኽኩባት። ገል አንስታ ወጣች፤ ተከተልኳት።

እትዬ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። መግባት አልደፈረችም። ገሉን ከውጭ ሆና ዘረጋች። እትዬ ምድጃው ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ቀና ብለው አዩአት።

"ምን ደጅ ያቆምሻል?" አሉ በመጨረሻ። "ግቢና ራስሽ ጫሪ።"

እናቴ ገብታ ቁጢጥ አለች። ፍሙን ግን ማንሳት አቃታት፤ እትዬ ናቸው የሞሉላት።