ፊልትሮው ቦታ የቀየረበት ቅዳሜ

የእናቴ መኪና የዘይት ፊልትሮ የተቀመጠው ጤነኛ ሰው በማያስቀምጥበት ቦታ ነበር። ከሞተሩ ጀርባ፣ ከጭስ ማውጫው ቱቦ በላይ፣ እጅ አንዴ ከገባ በሰላም የማይወጣበት ጥግ። ዘይት በተቀየረ ቁጥር የሜካኒኩ ክንድ ይጠበሳል፤ ከፊልትሮው የሚንጠባጠበው ዘይት የጋለው ቱቦ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በኋላ እናቴ መብራት ይዟት በቆመች ቁጥር ከኮፈኑ ሥር ጭስ ይወጣል። መገናኛ ላይ አንድ የታክሲ ረዳት «እናት፣ ሽሮው አረረ!» ብሏት ያውቃል። አጠገቧ ነበርኩ። መቀመጫው አፉን ከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ የልጆች ልብስ ነጋዴ ናት። ከመርካቶ ታነሳና አያት ኮንዶሚኒየም አካባቢ ላሉ ሱቆች ታከፋፍላለች። መኪናዋ ከቆመች እሷም ቆመች ማለት ነው። ስለዚህ ዱባይ ያለው አጎቴ ፊልትሮውን ከዚያ ጉድጓድ አውጥቶ ወደ ፊት የሚያመጣ እቃ ሲልክላት ቤታችን የሰርግ ቤት መሰለ። ሳጥኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ወፋፍራም ጥቁር ቱቦዎች፣ ፊልትሮው በነበረበት ቦታ የሚገጠም ክብ ብረት፣ ለፊልትሮው አዲስ ቤት የሚሆነው ሌላ ብረት፣ የጎማ ቀለበቶች፣ ብሎኖች። የእንግሊዝኛውን መመሪያ አንብቤ አስረዳኋት። ዘይቱ ከሞተሩ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ ፊልትሮው ጋ ይጣራል፣ በሌላው ቱቦ ይመለሳል። ፊልትሮው ኮፈን ሲከፈት ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል፣ አልኳት። እንዲህ ያለ ነገር ስረዳ፣ ሰው ለዚህ ያህል ብልህ ነው እንዴ እላለሁ።

የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። ማን ይጠብቅ?

በእኛ ቤት መኪና ለብቻዋ ጋራዥ አትውልም። አንድ ጊዜ አዲስ ባትሪ ይዛ ገብታ አሮጌ ባትሪ ይዛ ወጥታለች። ከዚያ ወዲህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ወንበር ስቦ ይቀመጣል፤ ሜካኒኩ ሲጨርስ ይነሳል። የእኛ ቤት ብቻም አይደለም። ሸገር ውስጥ የፈለጋችሁት ጋራዥ ግቡ፣ ሥራ የፈታ የሚመስል ሰው ተቀምጦ የሌላ ሰው እጅ ሲያይ ታገኛላችሁ። የእኛው ጠባቂ አባቴ ነበር፤ ግን የጅቡቲ መስመር ሹፌር ስለሆነ የዚያን ቅዳሜ መንገድ ላይ ነበር።

«አንቺ ትሄጃለሽ» አለች እናቴ።

«እማ፣ እሳቸው እኮ የጓደኛዬ አባት ናቸው።» እውነቴን ነው። ጎረቤታችን «ጎበዝ ነው» ብላ የጠቆመችን የገርጂው ሜካኒክ፣ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ የምትቀመጠው ልጅ አባት ነበሩ።

«አባት ቢሆኑስ? ሌባ ናቸው አልኩሽ?»

«ታዲያ ለምን እጠብቃቸዋለሁ?»

«ሌባ እንዳይሆኑ ነዋ!»

ቅዳሜ ጠዋት አብሬያት ሄድኩ።

እናቴ መኪናዋን አስገብታ፣ እሳቸውን በአንቱታና በፈገግታ ሰላም ብላ፣ በሚኒባስ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ ወንበር ይዤ ጥግ ላይ፣ ግድግዳው ሥር ተቀመጥኩ። ቀጠሮ ያለው ሰው ለመምሰል ነበር። የጓደኛዬ አባት ረጅም፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከፈቱ፣ ዘወር ብለው አዩኝ፣ ከዚያ መጥተው አስነሱኝና ወንበሩን ይዘውት ሄዱ። ከኮፈኑ ፊት ለፊት አስቀመጡት። በያዙት ጨርቅ ጠረግ አደረጉልኝ።

«እዚያ ሆነሽ ሞተሩ አይታይሽም፣ ልጄ። እዚህ ይሻልሻል።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀመጥኩ። ዓይኔን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። እሳቸው ሲያጎነብሱ አያለሁ፤ ቀና ሲሉ ስልኬን አያለሁ። የፈቱትን ብሎን ሁሉ አጠገባቸው ያለ ቆርቆሮ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት ትንሽ ከፍ አድርገው ያሳዩኝ ነበር። ያሳዩኛል፣ ያስቀምጣሉ። የለመዱት ነገር እንደሆነ ከእጃቸው ያስታውቃል።

ምሳ ሰዓት ላይ ጓደኛዬ የአባቷን ምሳ ይዛ ከች አለች።

«እንዴ! አንቺ ደግሞ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

መልሱ የመጣው ከኮፈኑ ውስጥ ነው፣ አንገታቸውን እንኳ ቀና ሳያደርጉ።

«ሥራ ልትማር ነው የመጣችው። በራሷ መኪና ትልመድ ብዬ ነው።»

ጓደኛዬ ጮኸች። «ወይኔ! ሳትነግሪኝ? ሰርፕራይዝ ልታደርጊኝ ነበር አይደል?»

«አዎ» አልኩ። ምን ልበል?

የዋሹት ለእኔ ብለው መስሎኝ ነበር። ለማን እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው።

ውሸቱን እውነት ለማስመሰል መሥራት ነበረብኝ። አሮጌ ቱታቸውን ሰጡኝ፣ እጅጌውን ጠቀለልኩት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላ ለምን እንደመጣሁ ረሳሁት። አሮጌውን ፊልትሮ በጨርቅ ይዤ ስፈታው ዘይቱ እስከ ክርኔ ወረደ፣ ግድም አልሰጠኝ። አዲሱን የፊልትሮ መቀመጫ ከባትሪው ጎን በብሎን አሰርነው። ቱቦዎቹን ከጭስ ማውጫው አርቀን አዞርናቸው። «መውጫና መግቢያው እንዳይገለበጥብሽ» አሉኝ፤ «ከተገለበጠ ፊልትሮው ዘይቱን አያሳልፍም፣ ሞተሩ ደርቆ ይሞታል።» ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቀስት በጣቴ ተከትዬ የትኛው መውጫ እንደሆነ ነገርኳቸው። «ተባረኪ» አሉ። ጓደኛዬ በስልኳ መብራት ታበራልናለች፣ አፏ ግን አያርፍም።

«ኢንጂነር፣ አፍንጫሽ ላይ ዘይት አለ።»

«መዋቢያ ነው፣ አንቺ አታውቂውም።»

«አባዬ፣ ይቺን ቅጠራትና እኔን አሳርፈኝ!»

ስልኬ ጠራ። ወንበሩ ላይ ነበር፣ እጄ ደግሞ ከሰል መስሏል። «እናትሽ ናት፣ ላንሳልሽ» አለችና ጓደኛዬ አነሳችው። ስፒከር ላይ አድርጋ ወደ አፌ አስጠጋችልኝ። ሄሎ ለማለት እንኳ አልደረስኩም።

«የት ደረሰ? ዓይንሽን ከእጁ እንዳትነቅዪ ብዬሻለሁ! አጎትሽ የላከውን እቃ በሙሉ ገጠመው? አሮጌውንም ቢሆን በፌስታል አድርጎ ይስጥሽ። ሽንት ቤት ብትሄጂ እንኳ ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ። እነዚህ ሰዎች አንዴ ዞር ካልሽላቸው...»

«እማ፣ መልሼ እደውላለሁ» አልኩ።

ጓደኛዬ ስልኩን ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ መለሰችው። ከዚያ ወንበሩን አየችው። የተቀመጠበትን ቦታ አየች፣ ወደ ሞተሩ መዞሩን አየች፣ በመጨረሻ አባቷን አየች። አባቷ የጸዳ ብሎን እየጠረጉ ነበር። ያን ጊዜ ገባኝ። እሳቸው ሲጠበቁ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ለእሳቸው አዲስ አይደለም። የዋሹት ልጃቸው እንዳታይ ነው።

«ሥራ ልትማሪ ነው የመጣሽው» አለችኝ።

ወንበሬ ላይ ሄዳ ተቀመጠች። እጇን አጣጠፈች።

«በሉ ቀጥሉ። እኔም ልጠብቅ። አንቺ ደግሞ የአባቴን ካቻቢቴ ይዘሽ እንዳትሄጂ።»

«ተይ አንቺ!» አሉ አባቷ።

አልተወችም። ፒንሳ ባነሳሁ ቁጥር «ፒንሳ ወጣ»፣ ሳስቀምጥ «ፒንሳ ገባ» ትላለች። ጆሮዬ ከሞተሩ በላይ ጋለ።

ከዚያ አባቷ «እስቲ የክቡን ብረት ጎማ አቀብይኝ» አሉ።

ቆርቆሮው ላይ የለም። ሳጥኑ ውስጥ የለም። ጨርቆቹን አራገፍን፣ ከመኪናው ሥር ገባን። ያ ጎማ ከሌለ ዘይቱ በክቡ ብረት ዙሪያ ይረጫል፣ መኪናዋ ከግቢው አትወጣም። ከሳጥኑ ጋር ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ገርጂ ያለ መለዋወጫ ሱቅ አይገኝም። «ጠባቂዋ፣ ምን አየሽ ታዲያ?» አለች ጓደኛዬ፤ ግን እሷም ተነስታ መፈለግ ጀምራ ነበር። የሁላችንም ጆሮ ውስጥ የእናቴ ድምፅ አለ። እቃውን በሙሉ ገጠመው?

የጓደኛዬ አባት ፍለጋውን አቆሙ። ፊቴ ቆሙና የቱታቸውን ኪስ ገለበጡ። መጀመሪያ የቀኙን፣ ቀጥሎ የግራውን። እስክሪብቶ፣ ሶፍት፣ ሁለት ሦስት ከረሜላ፣ የቤት ቁልፍ። እያንዳንዱን ኮፈኑ ጠርዝ ላይ ደረደሩት።

«ለእናትሽ ንገሪያት» አሉኝ፤ «እኔ ጋ የለም።»

«አባዬ! ምን እያደረግክ ነው?» ጓደኛዬ አለቀሰች።

የአባቴ እኩያ ናቸው። የተገለበጠው ኪሳቸው ነጭ ጨርቅ እንደ ምላስ ተንጠልጥሎ ነበር። እኔም ዕንባዬ መጣና በእጅጌዬ ልጠርግ ክንዴን ሳነሳ፣ የሆነ ነገር ደረቴን ጫን አደረገኝ። የቱታዬ የደረት ኪስ። ስልኩ ሲጠራ ጎማው እጄ ላይ ነበር፤ እንዳይወድቅብኝ ብዬ ከትቼው ኖሯል።

አውጥቼ መዳፌ ላይ ያዝኩት።

«ሌባዋ ተያዘች» አለች ጓደኛዬ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች።

አባቷ ጎማውን ከመዳፌ አነሱ፣ ወደ ብርሃን አድርገው አዩት፣ አዲስ ዘይት ቀቡት። «ኪስ ውስጥ መሆኑ ጥሩ ነው» አሉ። «አሸዋ አልነካውም።»

«ደውዪላት» አለችኝ ጓደኛዬ። «በስፒከር።»

ደወልኩ።

«እማ፣ አንድ ጎማ ጠፍቶ ነበር።»

«አላልኩሽም! አላልኩሽም!»

«እኔ ኪስ ውስጥ ተገኘ።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሰውየው ሰምቷል?» አለች።

«ቅድምም ሰምተዋል። አሁንም እየሰሙ ነው።»

«ያ ረቢ» አለችና ዘጋችው።

ከጠበቅነው ቀድማ ደረሰች፣ ሂጃቧ ወደ አንድ ወገን ዞሮ። እኛ ጨርሰን ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የዘይቱ ቀይ መብራት ለአፍታ በራ፤ ጠፋ። ፊልትሮው ከፊት ለፊት፣ እንደ ሙሽራ ጉብ ብሏል። በሌላ ቀን ቢሆን እጨፍር ነበር። እናቴ ስለ መንገዱ መዘጋጋት አወራች፣ ስለ ፀሐዩ አወራች፣ ቱቦዎቹን አየችና «አሪፍ ነው፣ ወላሂ» አለች። ይቅርታ የሚል ቃል ግን በአጠገቧም አላለፈ።

ከዚያ የጓደኛዬ አባት «እስከ ዋናው መንገድ ልሞክራትና ልመለስ» አሉ። መኪና ለሙከራ ከግቢ ሲወጣ ባለቤቱ አብሮ ይገባል፤ ይህንም ሁሉም ያውቃል። የእናቴ እጅ የመኪናዋ በር ላይ ነበር። አነሳችው።

«ይሂዱ» አለች። «እኛ እዚህ እንቆያለን።»

ከእናቴ አፍ ከዚህ የሚበልጥ ይቅርታ አይወጣም። ጓደኛዬ እኔን ሳታየኝ ከአባቷ ጎን ገባች። ሄዱ።

እኔና እናቴ በሰው መኪኖች መሀል ቀረን። ትንሽ ቆይታ ወደ በሩ ጠጋ አለች።

«እማ፣ ተይ።»

«ምን አደረግሁ? ነፋስ ልቀበል ነው።» አንገቷ ግን ወደ መታጠፊያው ረዝሟል። «አልቆዩም?»

«አሁን እኮ ነው የወጡት!»

ይህን ስላት አጠገቧ ቆሜያለሁ። እኔም ነፋስ እየተቀበልኩ አልነበረም።

ሲመለሱ ሁለታችንንም እንደዚያው፣ አንገታችንን አስግገን በሩ ላይ አገኙን። ጓደኛዬ መስኮቱን አወረደች።

«አልጠፋንም» አለች።

እየሳቀች ይሁን እየሰደበችኝ ለማወቅ ፊቷን ማየት ነበረብኝ። አልቻልኩም። አባቷ ከሥር የሚያፈስ ነገር ካለ መታየት አለበት ሲሉ፣ ማንም ሳይቀድመኝ «እኔ አየዋለሁ» ብዬ ካርቶን አነጠፍኩና ከመኪናዋ ሥር ገባሁ። ደረቅ ነበር። አንዲት ጠብታ የለም። የጓደኛዬ ጫማ መጥቶ ከጭንቅላቴ አጠገብ ቆመ።

«አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ውጪ እንጂ።»

ጫማዋ አልሄደም፤ እየጠበቀኝ ነበር።

«ቆይ» አልኳት፣ «አንዴ ደግሜ ልየው።»