የሰው ካርድ

ሃያ ሁለት ዓመት አለቃ ሆኖ የኖረ ሰው አንድ ሰኞ ጠዋት «ከዛሬ ጀምሮ አለቃ የሚባል የለም» ቢባል ምን ይሆናል? የእኛ ሰው ሳቀ። «ታዲያ ሥራውን ማን ሊመራው ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ሁላችሁም» አሉት። ሁሉም ከመራውማ ማንም አልመራውም፣ አለ በሆዱ።

መሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር ይሠራል። ስድስቱ የቡድኑ ሰዎች በየጠዋቱ ግድግዳው ፊት ቆመው ትናንት ምን እንደሠሩ፣ ዛሬ ምን እንደሚሠሩ፣ ምን እንደቸገራቸው ተራ በተራ ይናገራሉ። እያንዳንዱ ሥራ በካርድ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። የፈለግኸውን ታነሳለህ፣ ስምህን ትጽፍበታለህ፤ ሲያልቅ ራስህ «አለቀ» ወደሚለው ረድፍ ታሻግረዋለህ። የሰው ካርድ አይነካም። ሕጉ በቃ ይኼው ነው።

እሱ ግን አይችልም! ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሥራ አዋቂ ነው፣ ሆደ ቡቡም ነው። ግን የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ሲያስብ ካየ እጁን ይበላዋል። «ቆይ፣ እኔ ልየው» ይልና ወንበር ይስባል። ስሙም «ጋሼ ቆይ» ሆኖ ቀረ።

ከስድስቱ ዝምተኛዋ ፕሮግራመር የሆስፒታል ወረፋ የሚያስይዘውን ፕሮግራም ካርድ አንስታ ሁለት ሳምንት ለፋችበት። ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው እሱ ማንም ሳይገባ በጠዋት መጣ። ሥራዋን ከፈተና «ምን ያንዛዛዋል!» እያለ ቆራርጦ አሳጠረው። ካርዷንም ራሱ «አለቀ» ላይ ለጠፈው። ትደሰታለች ብሎ ነበር፣ የዋህ!

የዚያኑ ዕለት ግድግዳው ፊት ተራዋ ሲደርስ፣ «ሁለት ሳምንት የለፋሁበትን ጋሼ ጨርሰውታል፤ ዛሬ የምሠራው የለኝም» አለች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። «ዓርብ ወደ ሌላ ቡድን ዝውውር እጠይቃለሁ።»

ደሙ ፈላ። ቤቱ ገብቶ፣ «ባግዛት ተቀየመችኝ! ውለታ ቢስ!» አለ።

ሚስቱ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «የልጃችንን የቤት ሥራ ማን ነበር የሚሠራለት?» አለችው።

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለው?»

«አሁን ሲቸግረው ለማን ነው የሚደውለው?»

ልጁ የሚደውለው ለእናቱ ነው። አመመው፤ እራቱንም ሳይጨርስ ተነሳ።

በማግሥቱ ግድግዳው ፊት ተራው ሲደርስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ትናንት የሰው ካርድ ነክቻለሁ፤ አጥፍቻለሁ። የቸገረኝም እሱ ነው፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል።» ሌሎቹ ሳቁ። ዝምተኛዋ ግን አልሳቀችም።

ካርዷን ወደ ቦታው መለሰና አጠገቧ ሄዶ ተቀመጠ። «የቆረጥኩትን ለምን ነበር የጻፍሽው?»

«ተራው ያለፈበት በሽተኛ ከሦስት ሰው በኋላ እንደገና እንዲጠራ ነው» አለችው። «እናቴ ሽንት ቤት ደርሳ እስክትመለስ ስሟ ተጠርቶ አለፈ። ወረፋውን ከመጨረሻ ጀመርን። ቀኑን ሙሉ እያቃሰተች ዋለች።»

ክው አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ሲሠሩ አንድ ቀን አልጠየቃትም።

የጠፋውን እንደገና መጻፍ ጀመረች። አንድ ቦታ ላይ ቁጥር ስትሳሳት እሱ ወዲያው አየ። ምላሱን ነከሰ፤ እጆቹን ጭኑ ሥር ከተተ። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር ደቂቃ። ኧረ ላብ አጠመቀው! በመጨረሻ ራሷ አገኘችውና ዞር አለች።

«አይተውት ነበር አይደል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ያንቺ ሥራ ነዋ።»

ትንሽ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ ዝውውሩ ሊጠይቃት ፈልጎ ፈራ።

ዓርብ ከሰዓት ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። «ዝውውሩን ትቼዋለሁ» አለችው። «አዲስ ካርድ አንስቼ ግን ግራ ገባኝ። ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

አለቃ ሳለ ሰው ሁሉ «ምን ልሥራ?» ይለው ነበር። ምን ይመስልሃል ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ እንባው ቀደመው።