የአያ ሙሄ ክምርና እኔ የነዳኋት አውሮፕላን

ቆይ፣ ቆይ! «ውሸት ነው» ከማለታችሁ በፊት አስጨርሱኛ! እናንተም እንደ ደምሴ ልትሆኑብኝ ነው? ደምሴ ማለት መካነ ሰላም ላይ ባጃጁን ከእኔ ባጃጅ ጎን የሚያቆም፣ ሰው ሲደሰት የሚያመው ጓደኛዬ ነው። አውሮፕላን ነድቻለሁ ባልኩ ቁጥር «አንተ? ባጃጅ ወደ ኋላ ማስኬድ የማትችለው?» ይለኛል። እሱ እኮ የዚያን ቀን ሰው ጭኖ ከላላ ከተማ ሄዷል! ያላየ ሰው ምን አፍ አለው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት የካቲት ላይ ነው። ከልቤ የማይወጣው ደግሞ በስሜ ምክንያት ነው። ስድስተኛ ክፍል እያለሁ መምህሩ «ስታድጉ ምን ትሆናላችሁ?» ሲሉ «ፓይለት» አልኩ። በዓመቱ ትምህርቱን ተውኩት፤ ስሙ ግን እኔን አልተወኝም። አገሩ በሙሉ «ካፒቴን» ይለኛል፤ ብሎም ይስቃል። «ካፒቴን፣ እስኪ ወደ መናኸሪያ ብረር!» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ አቤት ብዬ ግን አላውቅም። ውስጤን ይቆጠቁጠኛላ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት የነበረ ሜዳ አለ። አሁን የሚያርፍበት የአያ ሙሄ ከብት ነው። አያ ሙሄ ሽማግሌ ገበሬ ናቸው፤ የጭድ ክምራቸውም እዚያው ሜዳው ዳር ነው። የዚያን ቀን ፉርሽካ አድርሼላቸው ልመለስ ስል፣ በአባይ በኩል የበልግ ደመና ሰማዩን አጥቁሮታል። አንዲት ትንሽ ነጭ አውሮፕላን ከደመናው ሸሽታ መጣችና ከላያችን ትዞር ጀመር። አንዴ ዞረች። ደግማ ዝቅ ብላ ዞረች።

«ምን ጠፍቷት ነው?» አሉ አያ ሙሄ አንጋጠው።

«ማረፍ ፈልጋ ነዋ! ከብትዎ ነው የከለከላት!»

«ታዲያ መሬቱ የእሷ ነው?»

ከሳቸው ጋር ስከራከር አውሮፕላኗ ልትወድቅ ነው ብዬ ባጃጄን ሜዳው መሃል አስገባሁ። ክላክስ እያስጮህኩ ላሞቹን በተንኳቸው። ቦራ የሚሉት በሬ ብቻ ንቆኝ ቆመ። እሱን በባጃጁ አፍንጫ ቂጡን ገፋ አደረግኩት። ልክ የመጨረሻዋ ጥጃ ስትወጣ አውሮፕላኗ በጭንቅላቴ ላይ አልፋ መሬት ነካች፣ ነጠረች፣ እንደገና ነካች፣ ከዚያ አቧራ ለብሳ ቆመች።

ሁለት ሰው ወረደ። አንዱ የበረራ አሰልጣኝ ነው፣ ጎልማሳ። ሌላዋ ቤዛ የምትባል ሰልጣኝ፣ በዕድሜ እኔን ብታክል ነው።

«ደመናው መንገድ ዘጋብን» አለ አሰልጣኙ። «ከብቶቹን ያስወጣልን ማነው?»

ሰው ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ሜዳው ሞልቷል። «ካፒቴን ነው!» ብለው ሳቁ።

እሱ ግን አልሳቀም። «ካፒቴን ከሆንክ ና አግዘን» አለኝ።

ፓይለትነት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እኔ ጥቁር መነጽር አድርጎ መንሳፈፍ ይመስለኝ ነበር። የት አባቱ! መጀመሪያ ድንጋይ መልቀም ነው። አውሮፕላኗ ስትነሳ ጠጠር ፈንጥሮ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ማራገቢያ እንዳይመታው ተባለ። አያ ሙሄ ወዲያው ሰዉን እንደ ደቦ አሰለፉት። ጤፍ የምናርም ይመስል፣ ትከሻ ለትከሻ ሆነን እየዘፈንን ሜዳውን ከጫፍ ጫፍ ለቀምነው። ቤዛ ደግሞ ከክንፉ ሥር ነዳጅ በብርጭቆ ቀድታ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች፤ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ልታውቅ።

«ልጄ፣ ልትጠጪው እንዳይሆን!» አሉ አያ ሙሄ ደንግጠው።

ደመናው ሲገፈፍ አሰልጣኙ «ለውለታህ ምን እናድርግልህ?» አለኝ።

«አንዴ ሰማይ አድርሳችሁ መልሱኝ!»

«አይሆንም። አገራችሁ ከፍታ ነው፣ አየሩ ስስ ነው። ሦስት ሰው ከዚህ ሜዳ ይዛ አትነሳም።»

ሰው ሰማ። «ካፒቴን ከብዶ ቀረ!» አለ አንዱ፤ ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ፊቴ ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አሰልጣኙ አየት አደረገኝና «ግን እስከ መነሻዋ ድረስ በመሬት አንተ ትነዳታለህ። እኔ አጠገብህ ነኝ» አለ።

ሳቁ ሳያልቅ በሩ ጋ ደረስኩ!

እኔ በግራ፣ እሱ በቀኝ፣ ቤዛ ከኋላ ሆነን ገባን። እሱ ከወረቀት እያነበበ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች። «ነዳጅ?» «በቂ።» «በር?» «ዝግ።» «ፍሬን?» «ተይዟል።» እኔ ጸሎት መስሎኝ በየመሃሉ «አሜን» አልኩ። ቤዛ ሳቋ አመለጣት።

ሞተሩ ተነሳ። ፍሬኑን ለቀቀልኝ። እንደ ንጉሥ መሪውን ጨብጬ ሄድኩ። ትንሽ እንደሄድን ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። በግራ ያለው የአያ ሙሄ ክምር ነው! መሪውን ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት። ንቅንቅ የለም። የባጃጅ ልጅ አይደለሁ? የበለጠ ጠመዘዝኩት። ወላሂ በክርኔ ሁሉ ተጫንኩት! እሷ ወደ ክምሩ እንደ ተራበች ላም ትሄዳለች። ሰው ተበተነ፤ አንዱማ በጭንቅላቱ ክምሩ ውስጥ ገባ። አያ ሙሄ ብቻ እጃቸውን ዘርግተው ክምሩ ፊት ቆሙ።

«በእግርህ!» አለ አሰልጣኙ። «እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርግ! መሬት ላይ የምትዞረው በእግር ነው!»

በእግር የሚዞር ነገር በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ቀኝ ፔዳሉን በቦቲ ጫማዬ ረገጥኩት። አፍንጫዋ ዞረ፤ የግራው ክንፍ ከአያ ሙሄ ኮፍያ በላይ አልፎ ከክምሩ ጫፍ ጭድ ይዞ ሄደ። ከዚያ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ እያልኩ፣ ጠጅ እንደጠጣ ሰው እየተወላገድኩ፣ እጄን ጉልበቴ ላይ እንዳደረግኩ ጫፍ አደረስኳት። ራሴ አዙሬ አቆምኳት። ክፉኛ አልቦኛል።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?» አለኝ አሰልጣኙ።

«ስድስተኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ለዚህ ስንተኛ ያስፈልጋል?»

«አስራ ሁለተኛን መጨረስ። እንግሊዝኛም፣ ሂሳብም፣ የጤና ምርመራም አለ።»

«ታዲያ ግማሽ መንገድ ደርሻለሁ በለኛ!»

ወረድኩ፤ ቤዛ ቦታዬን ያዘች። አያ ሙሄ በኮፍያቸው ላይ ያለውን ጭድ ሳያራግፉ መጥተው ሳይመርቁ አንለቅም አሉ። «እንቅፋት አይምታችሁ» ብለው መረቋቸው። ሰማይ ላይ እንቅፋት ከየት እንደሚመጣ እሳቸው ያውቃሉ። ቤዛ በሩን ከመዝጋቷ በፊት አንገቷን አውጥታ ጮክ ብላ «ደህና ዋል፣ ካፒቴን!» አለችኝ። አልሳቀችም። ሰዉም አልሳቀም።

«አቤት!» አልኩ።

አሁን ባጃጄ ጀርባ ላይ «ካፒቴን» ብዬ አጽፌያለሁ። ሰዉ ያው ይስቃል፤ እኔ ግን ሲጠሩኝ አቤት እላለሁ። ሰባተኛ ክፍልም በማታው ተመዝግቤያለሁ፤ እንግሊዝኛው ከፔዳሉ ይብሳል። ከመሬት ተነስተሃል ወይ ካላችሁኝ፣ አልተነሳሁም። ነዳሁ እንጂ በረርኩ አላልኩም። እሺ፣ ለደምሴ አንድ ሁለቴ ብያለሁ።

ያላመነ መካነ ሰላም ይምጣ! አያ ሙሄን ይጠይቅ፣ ድንጋይ የለቀመውን ሁሉ ይጠይቅ፣ ክምሩ ውስጥ በጭንቅላቱ የገባውንም ይጠይቅ። ደምሴን ብቻ እንዳትጠይቁ። እሱ ከላላ ነበር።