ለግራ ጉልበት የታዘዘች መኪና

ወሬው እንዲህ ነበር፦ የሸሚዝ ፋብሪካው መካኒክ መኪና መሸጫ ገብቶ ሻጩን በካቻቢቴ ሊወጋው ሲል ሰው ደረሰለት። ይህ የማክሰኞ ወሬ ነው። ረቡዕ ዕለት ካቻቢቴው ረዘመ። ሐሙስ ጠዋት ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ ስንቆም ሻጩ ሦስት ቦታ ተሰፍቶ ጠበቀን፤ የሰፋችውም እዚያው ሸሚዝ ፋብሪካ የምትሠራ ሴት ናት ተባለ።

ካቻቢቴ እንደነበረ አልክድም። ነገር ግን ጫፉ ያረፈው ሰው ላይ ሳይሆን የአንዲት አዲስ መኪና ሞተር ላይ ነው። እጀታው ደግሞ የመካኒኩ የራሱ ጆሮ ውስጥ ተወትፎ ነበር። ሻጩ ደኅና ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከነከረባቱ አይቼዋለሁ።

ባለታሪካችንን ፋብሪካ ውስጥ «ጆሮ» ይሉታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ይህን ሁሉ ወሬ ከከተማው መጨረሻ የሰማው እሱ ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። የፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ስልሳ አራት የስፌት ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሲንጫጩ፣ ሌላው ሰው ራሱን ይዞ ይወጣል። ጆሮ ግን በሩ ላይ ቆም ብሎ «ከኋላ ሦስተኛዋ ዘይት ጠምቷታል» ይላል። ሄደው ሲያዩ እውነት ነው። ሲጠራጠር ደግሞ ያን ረጅም ካቻቢቴ ያወጣና ጫፉን ከማሽኑ ብረት፣ እጀታውን ከጆሮው አጋጥሞ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጠው ማለት ነው። ሰፊዎቹ ሴቶች ባሎቻቸውን ማማት ሲያምራቸው በመጀመሪያ «ጆሮ የት ነው ያለው?» ብለው ያጣራሉ።

ይህ ሰው አንዲት ፈጣን መኪና አለችው። ጥቁር አረንጓዴ፣ ባለ ሁለት በር፣ ለሩጫ የተሠራች፤ የመኪና ፋብሪካዋ አራተኛ ሞዴል ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአንድ ጡረተኛ አብራሪ ገዛት፤ ሞተሯን ሁለት ጊዜ አውርዶ በገዛ እጁ ገጠማት። በአዘቦት ቀን አይነካትም። እሑድ ማለዳ ግን ከከተማ ወጥቶ ወደ ግድቡ የሚወስደውን ጠመዝማዛ ዳገት ይይዛል። ከሁለተኛው መታጠፊያ በኋላ መንገዱ ቀጥ ይላል። እዚያ ጋ ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ያስገባትና ሳይቀይር ይለቃታል፤ ሞተሩ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ይጮኻል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ጩኸቱ ይጠራና ዘፈን ይሆናል። ሳምንቱን ሙሉ የስልሳ አራት ማሽን ኡኡታ የጠጣ ጆሮ የሚያርፈው እዚህች ላይ ነው። ቢበዛ አርባ ሴኮንድ። ሰውየው ለአርባ ሴኮንድ ሲል ስድስት ቀን ይሠራል ብል አላጋነንኩም።

ችግሩ ከግራ ጉልበቱ መጣ። ሃያ ስድስት ዓመት ማሽን ሥር ሲንበረከክ የኖረ ጉልበት ነው። ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠው የመኪናዋ ፍሪሲዮን ደግሞ እንደ ሌላ መኪና ፍሪሲዮን በእግር ጣት የሚረገጥ አይደለም፤ ግድግዳ መግፋት በለው። አንድ እሑድ ከግድቡ ሲመለስ አደባባዩ ላይ መንገድ ተዘጋ። ሲረግጥ፣ ሲለቅ፣ ሲረግጥ፣ ሃያ ደቂቃ ሞላው። በመጨረሻ ጉልበቱ ከዳው፤ እግሩ ከፍሪሲዮኑ ሸርተት አለና መኪናዋ ዘልላ ከፊቷ የቆመውን ታክሲ ሳመች። ታክሲ ነጂው ወርዶ ታክሲውን አየ፣ መኪናዋን አየ፣ ከዚያ ጆሮን አየው።

«አባባ» አለው በትሕትና፣ «ይቺን ለልጅዎ ይስጧትና እርስዎ አውቶቡስ ይያዙ።»

ሐኪሙም ከታክሲ ነጂው ብዙ አልራቀም። የጉልበቱን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ፣ «የግራ እግር ሥራ የሌለው መኪና ይንዱ። እንቢ ካሉ ዓመት ሳይሞላ ኦፕራሲዮን ነው» አለ።

የቤተሰብ ሸንጎ ተቀመጠ። ሸንጎው ሦስት ሰው ነው፦ ጆሮ፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ሚስቱና የሚስቱ ታናሽ ወንድም። ይህ አማች የኢንሹራንስ ጉዳት ገማች ነው፤ የተጋጨ መኪና ሲያይ ፊቱ ይፈካል።

«ጋሼ፣ መላው እኮ እግርህ ሥር ነው» አለ አማች። «አምስተኛው ሞዴል ወጥቷል። የሞተሩ ጉልበት ከይቺ በሃምሳ ፈረስ ይበልጣል፣ ማርሹን ራሱ ይቀያይራል፣ ፍሪሲዮን የሚባል የለውም። ግራ እግርህን ቤት ጥለኸው መሄድ ትችላለህ።»

«ጥዬው ከሄድኩ እህትህ ከአሮጌ ጫማዬ ጋር አውጥታ ትጥለዋለች።»

«እጥለዋለሁ» አለች ሚስቱ ክኒን እንደምትቆጥር ረጋ ብላ። «ሌሊት የሚያስቃትተው እሱ ነው።»

«ይቺንስ ምን ላድርጋት?»

«እሷማ ከቤተሰብ አትወጣም፤ እኔ አለሁ አይደል» አለ አማች፣ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ልኮ።

ጆሮ ወደ መኪና መሸጫው ሄደ። ሻጩ ቁልፍ ሰጠው፣ ጎኑ ተቀመጠ፣ ወጡ። እውነቱን እንናገር፤ ወደዳት። ወንበሯ ወገቡን እንደ እናት ደገፈው። ግራ እግሩ ሥራ እንደፈታ ሹም ተዘርግቶ ተቀመጠ። ነዳጅ ሲሰጣት በአንድ ትንፋሽ ተፈተለከች፤ ድምፁም አስገመገመ። ሲመለስ ሚስቱን «ጉልበቴ ስሙ እንኳ አልተነሳም» አላት። ለሻጩም ደወለና «እስከ ዓርብ ይያዝልኝ» አለው።

ማታ ራቱን ሲበላ ግን ማንኪያው አፉ ጋ ደርሶ ቆመ።

«ምነው?» አለች ሚስቱ።

«አዲሷን ስሞክር መጋዘኑ ግንብ ጋ ስናልፍ መስኮቷ ክፍት ነበር።»

«እና?»

«ድምፁ ከግንቡ አልተመለሰም።»

ሚስቱ ጨው እንዲያቀብላት ጠየቀችው። እሱ ግን ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ሞተር የሚጮህ ከሆነ ግንብ ሲያጋጥመው መመለስ አለበት። በነጋታው ለሻጩ ደውሎ «ይቅር» አለው። ከሰዓት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቱን ወጋ ሲያደርገው እንደገና ደወለና «ይያዝልኝ» አለው። ሻጩ መሳቅም መቆጣትም ፈርቶ «እሺ ጌታዬ» ብቻ አለ። ፋብሪካ ውስጥም ሥራው አልያዝልህ አለው፤ የታመመችውን ማሽን ትቶ ጤነኛዋን ፈታ። የመስመር አለቃዋ ከላዩ ቆማ ስታየው ቆየችና፣ «አንተ ሰው፣ ያችን መኪና ወይ ግዛ ወይ ተው፤ ሸሚዞቹ እጅጌ አልባ ሊሆኑብን ነው» አለችው።

በዚህ መሐል ቤቱ አንድ ትልቅ ካርቶን መጣ። ሚስቱ ፈርማ ተቀበለች። ሲከፈት የመኪና ወንበር ልብስ ነው፤ ቀይ ቆዳ፣ ልኩም የአራተኛው ሞዴል። አማች ቀን ቀን ቤቱ ሰው ስለማይኖር የእህቱን አድራሻ ሰጥቶ ነበር፤ ካርቶኑ ከውሳኔው በፊት ይደርሳል ብሎ አላሰበም።

ጆሮ ቀዩን ቆዳ ጭኑ ላይ ዘረጋው። «እኔ ገና አልሞትኩም» አለ። «ልብሴን ግን ተካፍለውታል።»

«ልጅ ነው፣ ተወው» አለች ሚስቱ።

«አርባ ዓመቱ ነው።»

ሰኞ ዕለት ካቻቢቴውን ይዞ መኪና መሸጫው ሄደ። ሻጩን መሪ ላይ አስቀምጦ «ቆማ እንዳለች ነዳጅ ስጣት» አለው። ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ፣ ጫፉን ከሞተሩ፣ እጀታውን ከጆሮው አገናኘ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ከመኪናዋ ውስጥ አንበሳ ያገሳል። ካቻቢቴው ግን የሚነግረው ሌላ ነው፤ ሞተሩ የምግብ ማቀዝቀዣ ያህል ብቻ ነው የሚያጉተመትመው። ቀና አለ። ጆሮ አንድ ነገር ሲጠይቅ በእጁ በያዘው ነገር መጠቆም ልማዱ ነው፤ ማንኪያ ከያዘ በማንኪያ፣ መዶሻ ከያዘ በመዶሻ። ካቻቢቴውን ወደ ሻጩ ቀስሮ፣ ፊቱ እንደተኮሳተረ፣ «ከየት ነው የሚመጣው?» እያለ ወደ በሩ ተራመደ።

ሻጩ በሌላኛው በር ወጥቶ ሸሸ፤ የማስታወቂያ ወረቀት መደርደሪያውንም ደርምሶት አለፈ። ከመንገድ ማዶ ያለው ፎቶ ቤት በር ላይ የቆመችው ሴትዮ በመስታወቱ ያየችው ይህን ነው። የቀረውን አፍ ሠራው።

ነገሩ ሲገባው ሻጩ ተመልሶ ከረባቱን አስተካከለ። «ድምፁ ከድምፅ ማጉያ ነው ጌታዬ። አዲሱ ሞተር ጸጥተኛ ስለሆነ ደንበኞች እንዳይከፉ ፋብሪካው አስገብቶበታል። ሦስት ምርጫ አለው።» ስክሪኑን ነካ። አንዱ «ጸጥታ» ይላል፣ አንዱ «ውድድር»፣ ሦስተኛው «ቅርስ»። ሦስተኛውን ተጫነው።

ጆሮ ደነገጠ። «ይሄ እኮ የኔ መኪና ነው።»

«አዎን፣ የአራተኛው ሞዴል ድምፅ ነው። ቀድተው ያስገቡት ነው። በፈለጉት ፍጥነት ይሰሙታል፤ ቆመውም ቢሆን።»

«ቆሜ ዳገቱን ትወጣልኛለች?»

ሻጩ ፈገግ ብሎ የስክሪኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«ዘይት ሲጎድልባት ድምፁ ይለወጣል? ኩሽኔታ ሲበላ?»

«በፍጹም» አለ ሻጩ በኩራት። «ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው።»

ይህን ለማን ነው የሚነግረው? ሃያ ስድስት ዓመት እንጀራውን የበላው ማሽን ሲታመም ድምፁ ስለሚለወጥ ነው። ታሞም ድኖም አንድ ዓይነት የሚዘፍን ነገር እሱ ዘንድ ውሸታም ነው። ይልቅ ያናደደው ሌላ ነው፦ ቅጂው ከራሱ መኪና የተሻለ ነበር። ጉንፋን የለው፣ እርጅና የለው። ኮፈኑን ራሱ ዘጋና ወጣ፤ በረንዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ደግሞ ወጋ አደረገው።

ዓርብ ማታ ሸንጎው እንደገና ተቀመጠ። ጆሮ «አልገዛም» አለ።

«ጋሼ፣ ድምፅ ድምፅ ነው» አለ አማች። «ከየትስ ቢመጣ?»

«አንተ የወንበር ልብስህን ይዘህ ዝም በል።»

ሚስቱ እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ድምፅ ድምፅ ትለኛለህ። ጠዋት ከአልጋ ስትነሳ ‹እህህ› የምትለውን በየቀኑ የምሰማው እኔ ነኝ። እሱን ማንም ከድምፅ ማጉያ አልቀዳውም።»

ጆሮ ጉልበቱን በመዳፉ እያሸ አሰበ። አዲሲቱን ቢገዛ ጉልበቱ ይድናል፣ ዳገቱ ይሞታል። አሮጌዋን ቢይዝ ዳገቱ አለ፣ የሚወጣው እግር የለም። በመኪና ፋብሪካውም፣ በሐኪሙም፣ በአማቹም፣ በገዛ ጉልበቱም ተናደደ፤ ከሁሉም በላይ ያናደደው ሁሉም ትክክል መሆናቸው ነው።

«አትሸጣትም፣ አትነዳትም» አለች ሚስቱ። «እንግዲያው እኔ እነዳታለሁ። የአባቴን ፒክአፕ የነዳሁ ሴት ነኝ።»

እሑድ ማለዳ ወጡ። ሚስት መሪ ላይ፣ ጆሮ ጎኗ፣ አማች ከኋላ። የኋላ ወንበሯ ለሰው ሳይሆን ለባርኔጣ የተሠራች ናት፤ አማች ጉልበቱን አገጩ ላይ አሳርፎ ነው የተጓዘው። «መኪናዋን ለማየት ነው» ብሎ መጣ፤ ተስፋ አልቆረጠም።

ሚስቱ ጥሩ ነጂ ናት። ፍሪሲዮኑን ሳትማረር ትረግጠዋለች፣ ማርሹም እጇ ላይ አይንገጫገጭም። አነዳዷ ግን እንደ ሥራዋ ነው፤ ከታዘዘው መጠን አንዲት ጠብታ አታሳልፍም። ሞተሩ ድምፁን ከፍ ለማድረግ ገና ሲያስብ ማርሽ ትቀይርበታለች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፉ። ሁለተኛውን አለፉ። መንገዱ ቀጥ አለ። ሦስተኛ ማርሽ ውስጥ ነበሩ፤ ሞተሩ ማጉረምረም ጀመረ። ጆሮ ራሱን ወንበሩ ላይ አስደገፈና ዓይኑን ጨፈነ።

አራተኛ አስገባች።

«ለምን ቀየርሽው?» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ጮኸ እኮ።»

«ይጩኽ እንጂ። ለሱ አይደል የመጣነው?»

«ሲጮህ የተጎዳ ይመስለኛል» አለች፤ ከዚያም የማድ ቤቱ ጣሪያ እንደገና ማፍሰስ መጀመሩን፣ ቆርቆሮ ሠሪው ለሦስተኛ ጊዜ መዋሸቱን ማውራት ያዘች። አማች ከኋላ ስለ ቆርቆሮው ኢንሹራንስ አንድ ነገር ጣል አደረገ። መኪናዋ ዳገቱን እንደ ጨዋ የቢሮ መኪና ዝም ብላ ትወጣለች። ግድቡ ታየ።

ጆሮ ዓይኑን ገልጦ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። «እኔን የሚያመኝ ጉልበቴን ነው» አለ፤ «ጆሮዬን አይደለም።»

ሚስቱ ስለ ቆርቆሮ ሠሪው ወሬዋን ቀጠለች።