እናቴን ያስተማርኳት ዮጋ

ባለፈው ሳምንት ከቡሬ ድንች ተሞልቶበት የመጣልኝን የማዳበሪያ ከረጢት ጓዳ ውስጥ ሳራግፍ፣ ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታው ገና አልለቀቀውም ነበርና ባሕር ዳር ካለው ቤቴ አንሥቶ ፍኖተ ሰላም፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ወደተከራየኋት የጭቃ ቤት ወሰደኝ። የዚያች ቤት ወለል ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብር ስለነበር አጥፌ የማነጥፈው አንድ ባዶ ማዳበሪያ ነበረኝ፤ በየወሩ አደፌ በመጣ ቁጥር እሱ ላይ ተጠቅልዬ ሳቃስት እውላለሁ። ሕመሙ ከእምብርቴ በታች እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዞ ይጨምቀኝና ሦስት ቀን ሙሉ ከትምህርት ያስቀረኛል።

ከሕመሙ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን የአባቴ ነገር ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ብቻ «በሽተኛ ልጅ ከተማ ላይ ማን ያስታምማታል? ዘንድሮ ፈተናውን ካላለፈች ትምጣና ጎጆ ትውጣ» ብለው ቆርጠው ነበር፤ ሽማግሌ የላከ ሰው እንዳለም ሰምቻለሁ። ግድግዳው ላይ በለጠፍኩት የቀን መቁጠሪያ ጣቴን እያስኬድኩ ስቆጥር፣ የብሔራዊ ፈተናው የመጀመሪያ ቀንና የእኔ ቀን አንድ ላይ ዋሉ። ደግሜ ቆጠርኩ። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ብቆጥረውም ያው ሆነ።

በዚያ ሰሞን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሆዴን ይዤ ሜዳው ዳር ስቀመጥ፣ አዲሷ የስፖርት መምህራችን ቲቸር ትዕግሥት አጠገቤ መጥታ ቁጢጥ አለች። ከአዲስ አበባ ተመድባ የመጣች፣ በማለዳ ቱታ ለብሳ ስትሮጥ ገበያተኛው ሁሉ ምን አባሯት ይሆን ብሎ ቆሞ የሚያያት ወጣት ነበረች።

«የወር አበባሽ ነው?» አለችኝ፣ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከትምህርት በኋላ ኳሶቹ በሚቀመጡበት ክፍል ወስዳ፣ ተንበርክኬ ተረከዜ ላይ እንድቀመጥ፣ ከዚያም ግንባሬን መሬት አስነክቼ እጆቼን ወደፊት ዘርግቼ በረጅሙ እንድተነፍስ አሳየችኝ። እንደ ድመት ጀርባን ማጉበጥ፣ በጀርባ ተኝቶ ጉልበትን ደረት ላይ ማቀፍም ነበረው። «ዮጋ ይባላል፤ ህንዶች ናቸው የጀመሩት» ስትለኝ ግን ደነገጥኩ። ህንድ ሲባል የማውቀው ቪዲዮ ቤት ያየሁትን ዘፈንና አበባ የተሸከመውን ጣዖት ብቻ ነበርና ሃይማኖቴን የለወጥኩ እየመሰለኝ፣ ማዕተቤን እየዳበስኩ፣ በየትንፋሹ መሀል አንድ «በስመ አብ» እየጨመርኩ በየቀኑ ሠራሁት።

ፈተናው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እናቴ በገበያ ቀን ስንቄን በጀርባዋ አዝላ መጣችና በሩን ስትከፍት ግንባሬን መሬት ላይ ደፍቼ አገኘችኝ።

«ልጀ! ምን አድርገሽ ነው እንዲህ የምትሰግጅ?»

ስግደት አለመሆኑን፣ ለምን እንደምሠራውም እያፈርኩ ነገርኳት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አሁን ለአባቴ ትነግራለች ብዬ ስጨነቅ፣ «እስቲ ለእኔም አሳይኝ» አለች። «እኔንም ከወገቤ በታች ያመኝ ይዟል።»

ደስ አለኝ። ማዳበሪያውን ለቀቅኩላት፤ መቀነቷን አጥብቃ ተንበረከከች፤ ጉልበቷ ሲንቋቋ፣ እንደ ድመት ጉበጭ ስላት ወገቧ እምቢ ሲላት፣ ሁለታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን። እናቴ እንዲያ ተንጋላ ስትስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

በፈተናው ቀን ጠዋት፣ እንደፈራሁት፣ መጣብኝ። ቲቸር ትዕግሥት ያስተማረችኝን ሁሉ ሠራሁ። ሕመሙ አልጠፋም፤ እግሬ እስኪሸከመኝ ድረስ ግን ላላ አለልኝ። ላብ እያጠመቀኝ፣ በአፍንጫዬ በረጅሙ እየተነፈስኩ ጻፍኩ፤ አለፍኩም። ሽማግሌዎቹ በመጡበት ተመለሱ። ቲቸር ትዕግሥት በክረምቱ ተዛውራ ስለሄደች ውጤቴን ሳልነግራት፣ ሳላመሰግናትም ቀረሁ።

መሰናዶን ልጨርስ ስል እናቴ ታመመችና ሆስፒታል አስተኛናት። ሐኪሙ፣ «እማማ፣ ደሙ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነ?» ሲላት፣ የእሷ ወርኃዊ ነገር ከቆመ ዓመታት ማለፋቸውን የማውቅ ልጇ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መለሰች።

«ያን ጊዜ አንች ቤት ስመጣም ነበረ።»

ማኅፀኗ ላይ የወጣው ዕጢ ተስፋፍቶ ነበር፤ ጊዜው አልፏል አሉን። ሐኪሙ ሲወጣ እጇን ይዤ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኋት።

«ፈተና ነበረብሽ እኮ ልጀ» አለችኝ።

አዝመራው ሳይሰበሰብ ቀበርናት። ዛሬ እኔም ወደዚያ ዕድሜዋ ተጠግቻለሁ፤ ሐኪም ፊት በተቀመጥኩ ቁጥር ሳልጠየቅ ሁሉንም እዘረዝራለሁ፤ ልጄንም በየወሩ እስክትሰለች እጠይቃታለሁ። ያን የገበያ ቀን ግን እናቴ ለዘመናት በሆዷ ካቆየችው ነገር ጫፉን አውጥታ ስትሰጠኝ፣ እኔ ወገቧን እንዴት እንደምታጎብጥ አሳየኋት። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ ብዬ ለመጠየቅ፣ ስንስቅ ካጠፋነው ያነሰ ጊዜ ይበቃኝ ነበር። አልጠየቅኋትም።