ሊማሊሞ ላይ የተፋጠጡት የይግዛው ባቡሮች

በደባርቅ ከተማ የይግዛው እጅ ያልነካው ሬዲዮ ቢኖር ገና ከካርቶኑ ያልወጣ ሬዲዮ ብቻ ነው። ጠግኖ የመለሰው ደግሞ አንዳች አመል ሳይዝ አይመለስም። የአንዱ ጠላ ቤት ሬዲዮ ዜና ሲሆን ይጮሃል፣ ዘፈን ሲመጣ ይተኛል። የሌላው ካልታቀፈ አይናገርም፤ ባለቤቱ ወሬ መስማት ሲያምረው እንደ ጨቅላ ታቅፎት ግቢውን ይዞራል። ማንም ግን አያማርርም። «የይግዛው እጅ ነዋ!» ይላሉ፣ ስለታቸው እንደሰመረ ሰው ኮርተው።

ይግዛው ከነፍሱ አስበልጦ የሚወደው ሱቁን ነው። አደባባዩ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው ቆሞባት ሦስተኛው ካስነጠሰ ቆርቆሮዋ ይነሳል። ሚስቱ ስንቄ ይህን ፍቅር አሳምራ ታውቀዋለች።

«እኔና ሱቅህ ገደል አፋፍ ላይ ብንንጠለጠል ቀድመህ የምትጎትተው ሱቅህን ነው» ትለዋለች።

«አንቺማ እግር አለሽ» ይላታል።

በ1978 ዓ.ም. ክረምት ሱቋ እውነትም ገደል አፋፍ ደረሰች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ አሻግሬ ካኪውን ግጥም አድርጎ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ጓድ አሻግሬ ድምፅ ማጉያ የማያስፈልገው ሰው ነው፤ እሱ ደባርቅ ላይ ሲያንሾካሹክ ከተራራው ማዶ አምቢኮ ያሉ በጎች ጆሯቸውን ያቆማሉ።

«ጓድ ይግዛው! ለሰፊው ሕዝብ የጥናት ክበብ ያስፈልገዋል። ይህች ክፍል ተመርጣለች።»

ይግዛው «ሰፊው ሕዝብ እዚህች ውስጥ እንዴት ሊገባ ነው?» ሊል ከንፈሩ ላይ ደርሶ ዋጠው። በምትኩ አፉ በገዛ ሥልጣኑ ሌላ ነገር ተናገረ።

«እኔ ደሞ ለአብዮት በዓል ባቡር ላሳይ ነበር።»

«ምን?»

«ባቡር። በሀዲድ የሚሄድ።»

ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። ዳባት ላይ የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ አለ። ከይግዛው ጋር ያስተዋወቀው ሬዲዮው ነው፤ ከተጠገነ ወዲህ ሞስኮን እንጂ ሌላ ጣቢያ አልይዝ አለ። ሰውዬው ግን ቂም የለውም። ማታ ማታ ጠረጴዛው ላይ ሀዲድ ዘርግቶ የበቆሎ እሸት የሚያህሉ ባቡሮች ይነዳል፤ መብራታቸው ሳይቀር ይበራል። ሥራው አልቆ ወደ አገሩ ሊመለስ ስለሆነ ባቡሮቹን ለይግዛው ሊሰጠው ቃል ገብቶለታል።

ጓድ አሻግሬ አሰበ። መስከረም ሁለት ቀን ከጎንደር ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ፤ ሌሎቹ ቀበሌዎች የሚያሳዩአቸው እንደ አምናው ድንችና ጥቅል ጎመን ነው።

«ባቡርህ በእንግዳው ፊት ከሄደ ሱቁ ያንተ ነው፤ ማንም አይነካህም» አለ። «ካልሄደ ግን በማግስቱ ዕቃህን አውጥተህ ታስረክባለህ።»

ይግዛው ያገኘው ጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ዳባት ወረደ። መሐንዲሱ ሀዲዱን፣ ሁለቱን ባቡሮችና ፉርጎዎቹን አቀረበለትና ሁለት ሣጥኖች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«መንጃቸው ይህ ነው። አንዱን ለጎንደር ወዳጄ ቃል ገብቻለሁ። ሁለቱንም ይዘህ ሂድ፤ ሳምንት ጭነት መኪናዬ ደባርቅ ደርሶ ሲመለስ ሌላውን ይወስዳል፤ እስከዚያ የምትፈልገውን ምረጥ።»

የመጀመሪያው ሣጥን ያለው አንድ ማዞሪያ ብቻ ነው። ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ወደ ፊት፣ ወደ ግራ ሲያዞሩት ወደ ኋላ፤ ሀዲዱ ላይ ያለ ሁሉ አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይቆማል። ይግዛው ወዲያው ገባው፤ የቀበሌ ጥሩምባ ነው፤ ከተነፋ ማንም ቤቱ አይቀርም።

ሁለተኛው ዲጂታል ይባላል። እንደ ሂሳብ ማሽን በቁጥር ተሞልቷል። እያንዳንዱ ባቡር ሆዱ ውስጥ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ሲጫን የሚሰማው እሱ ብቻ ነው፣ ሌላው ዝም። ይህም ስብሰባ ላይ ስም እንደመጥራት ነው፤ አቤት የሚለው አንድ ሰው፣ የቀረው መሬት መሬት ያያል። ከሣጥኑ ደግሞ ረጅም ገመድ ያላቸው ሁለት የእጅ መንጃዎች ይወጣሉ፤ ሁለት ሰው በአንድ ሀዲድ ላይ የየራሱን ባቡር ይነዳል። ካበላሹም ዋናው ሣጥን ላይ ያለው ሰው ቁጥሩን ተጭኖ ባቡሩን ከእጃቸው ይቀማል።

«ለጀማሪ ግን ባለ ማዞሪያው ይሻላል» አለ መሐንዲሱ። «አንድ ሰው፣ አንድ ባቡር። ራስ ምታት የለውም።»

ሳምንቱን ሙሉ ደባርቅ በምርጫው ታመሰች። ባቡር አይቶ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም አዋቂ ሆነ።

ስንቄ «ባለ አንዱን ያዝ» አለች። «እኛ ቤት ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ጠፋህ?»

ጎረቤታቸው መሪጌታ ተክለ ማርያም፣ የአገሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩት ሽማግሌ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በቁጥር ሲጠሩት የሚሰማ ብረት! የኔ ተማሪዎች በስማቸውም፣ በክርስትና ስማቸውም፣ በአለንጋም ጠርቻቸው አይሰሙም።»

ጓድ አሻግሬ ግን መመሪያ ሰጠ። «አንድ ማዞሪያ በአንድ ሰው እጅ? ይኼ የፊውዳል ነው! ባለ ቁጥሩ ይሁን። ቁጥር አንድ የመንግሥት ባቡር ይባላል።»

«ቁጥር ሁለትስ?»

«የሕዝብ።»

ይግዛው ባለ ቁጥሩን መረጠ። እውነቱን ለመናገር በመመሪያው አልነበረም፤ ቁልፍ የበዛበት ነገር ሲያይ ጣቶቹ ጌታቸውን አያማክሩም።

መስከረም ሁለት ደረሰ። አደባባዩ ላይ ሸራ ተወጠረ፣ የትምህርት ቤት ጠረጴዛዎች ተገጣጠሙ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጄኔሬተር ሽቦ ተሳበ። ይግዛው በጭቃና በጆንያ ተራራ ሠርቷል። በላይኛው ጫፍ ደባርቅ፣ በታችኛው ዛሪማ፣ መሃሉ ላይ ሊማሊሞ ከነጠመዝማዛው። ሀዲዱ አንድ ነው፤ ሊማሊሞ ወገብ ላይ ብቻ እንደ ሹካ ተከፍሎ መልሶ ይገጥማል፤ ባቡሮቹ የሚተላለፉት እዚያ ነው።

ከጎንደር የመጣው እንግዳ ጓድ ላቀው ይባላል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፤ የደረት ኪሱ ውስጥ የተሰካው እስክሪብቶ አንድ መምሪያ ያስተዳድራል። ጓድ አሻግሬ የመንግሥትን መንጃ ለእሱ አስረከበ፤ የሕዝቡን ደግሞ የሽማግሌዎች ተወካይ ሆነው ለቀረቡት ለመሪጌታ ሰጣቸው። እንግዳው መሪጌታን ሲያይ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ተንሸራተተ።

«የኔታ?»

«ማን ልበል ጌታዬ?»

«ላቀው ነኝ። ዳባት ሳሉ ዳዊት ያስደገሙኝ።»

«ላቀው ንፍጣሙ!»

ጓድ ላቀው ጉልበት ሊስም ጎንበስ ካለ በኋላ አብዮቱ ትዝ አለውና የጫማውን ክር የሚያስር መሰለ። ጫማው ክር አልነበረውም።

ባቡሮቹ ተነሡ። የመንግሥት ከደባርቅ ቁልቁል፣ የሕዝብ ከዛሪማ ሽቅብ። ሕዝቡ እልል አለ። ይግዛው ዋናው ሣጥን አጠገብ ቆሞ ላቡን ጠረገ፤ ሱቁን ያዳነ መሰለው። ባቡሮቹ የሹካው ሁለት አፍ ላይ ፊት ለፊት ተያዩ። ጓድ ላቀው ቀጥ አድርጎ አቆመ።

«የኔታ፣ ይለፉ።»

መሪጌታም አቆሙ። «ኧረ የምን ነገር! የመንግሥት እንግዳ ነዎት፤ እርስዎ ይለፉ።»

«ከመምህሬ ፊት? እንዴት ተደርጎ!»

«በሞቴ!»

«እኔ ልሙት የኔታ፣ አላደርገውም!»

«ዛሬ እንግዳ ቀድሜ ካለፍኩ ደባርቅ ምን ይለኛል? በጊዮርጊስ!»

ሁለት ሙታንና አንድ ታቦት ገብተውበት ነገሩ አልተላወሰም። ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚያሳልፍ መንገድ ፊታቸው ተዘርግቶ ሳለ ቀድሞ መንኮራኩር የሚያነሳ ጠፋ። ሕዝቡም ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ «እንግዳ ይቅደም!» ግማሹ «መምህር ይቅደም!» ይላል። ጠላ ሻጯ ጤናዬ ከኋላ ሆና ጮኸች፦ «ኧረ አንዳችሁ እለፉ፤ ሌላ ክረምት ሊገባ ነው!»

ጓድ አሻግሬ ወደ ይግዛው ተጠግቶ አንሾካሾከ፤ አደባባዩ በሙሉ ሰማው።

«ቆሟል። የቆመ አልሄደም። ነገ ጠዋት ክፍሏን።»

ይግዛው ባቡሮቹን መቀማት ይችላል፤ ግን የትኛውን? የመሪጌታን ቀምቶ ቢያሳልፍ፣ ሽማግሌውን በግድ ገፍቶ ከእንግዳ ፊት አስቀደማቸው ይባላል፤ ከእንግዲህ ደባርቅ ውስጥ ሬዲዮ የሚያስነካው የለም። የእንግዳውን ቢያሳልፍ ተማሪን በመምህሩ ላይ አራመደ፤ ያው ነው። ጣቶቹ እንደ ልማዳቸው አላማከሩትም። አንድን ተጫኑ፤ ወደ ኋላ አሉት። የመንግሥት ባቡር አፈገፈገ!

አንድ ሰው «ወዮ!» አለ። ይግዛው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ተጣድፎ ሁለትን ተጫነ፤ እሱንም ወደ ኋላ። የሕዝብ ባቡርም ማፈግፈግ ጀመረ። ሁለቱ ፊት ለፊት እንደተያዩ፣ መብራታቸውን አንዱ በሌላው ላይ እንዳበሩ፣ ቀስ እያሉ ተራራቁ፤ አንዱ ሽቅብ፣ አንዱ ቁልቁል። ልክ ከትልቅ ሰው ዘንድ ሲወጡ ጀርባ ሳይሰጡ፣ እጅ እየነሡ፣ ወደ ኋላ እንደሚሄዱት።

ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ። «እዩልኝ! ብረት እንኳ ለሰው ጀርባውን አይሰጥም!» «አደራ፣ ይኼን ለልጆቻችን አሳዩልን!» መሪጌታ መንጃውን ደረታቸው ላይ ይዘው ጎንበስ አሉ፤ ጓድ ላቀውም ጎንበስ አለ፣ በዚህ ጊዜ ጫማ ሳይጠቅስ። እልልታው የሸራውን ካስማ ነቀነቀው።

ጓድ አሻግሬ ግን እጁን አነሣ።

«አይቆጠርም! ወደ ኋላ ነው የሄደው! ወደ ኋላ የሄደ ባቡር ሄደ አይባልም!»

ጓድ ላቀው መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ።

«የትኛው ነው ወደ ኋላ የሄደው፣ ጓድ አሻግሬ?»

«ሁለተኛው... የሕዝቡ።»

«ሕዝቡ ወደ ኋላ ሄደ?»

«ኧረ እንዴት ተብሎ! የመጀመሪያው ማለቴ ነው...»

«የመጀመሪያው የማን ነበር?»

የጓድ አሻግሬ ፊት የካኪውን ቀለም ያዘ። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ራቅ ራቅ አሉ፤ አንዱ ገበሬ በጉን ሳይቀር ጎተተ።

«ሁለቱም ወደ ፊት ነው የሄዱት!» አለ ጓድ አሻግሬ።

«በየት በኩል ባለው ፊት?»

«በ... በኋላ በኩል ባለው ፊት!»

«ስለዚህ ሄደዋል?»

«በሚገባ ሄደዋል ጓድ!»

ጓድ ላቀው መነጽሩን መለሰና ቡና ወደተዘጋጀለት ድንኳን መሪጌታን አስቀድሞ ሄደ። ጓድ አሻግሬ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ እግሩን እግሩን እያየ ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶት በማያውቅ ቀጭን ድምፅ ተናገረ።

«ሱቁ ያንተ ነው።»

ይግዛው ጆሮውን አስጠጋ። «ይቅርታ ጓድ፣ ጄኔሬተሩ ይጮሃል። ምን አልከኝ?»

«ሱቁ... ያንተ ነው።»

«አሁንም አልሰማሁህም።»

«ሱቁ ያንተ ነው አልኩህ!» ብሎ ጓድ አሻግሬ አደባባዩን አናወጠው።

ሕዝቡም በስብሰባ እንደለመደው፣ ምን እንደተባለ ሳይጠይቅ አጨበጨበ።